ሳይደርቅ የታጠፈ ወረቀት

በቤታችን አጎቴ ጊቾል «ወጣ ብሏል» ነበር የሚባለው። ሞቷል የሚል የለም፤ ጠፍቷል የሚልም የለም። ወታደሮች ከተማችን ጓንግጁ ገብተው ሰው በፈጁበት በዚያ ግንቦት የጎረቤት ብስክሌት ተውሶ ነበርና «መልሼ መጣሁ» ብሎ ከቤት ወጣ። እሱ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እኔ ገና ሁለት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝም ወጣ እንዳለ ነበር።

ራት ሲቀርብ አያቴ መጀመሪያ የምታወጣው የእሱን ሩዝ ነው። ክዳን ባለው የናስ ሳህን ሞልታ፣ ከሥር በእሳት የሚሞቀው ወለላችን ግለቱ ከሚበረታበት ጥግ ወስዳ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ሲመጣ ቀዝቃዛ እንዳይበላ ነው። ጠዋት ጠዋት ያን ሩዝ በሙቅ ውሃ አድርጌ የምበላው እኔ ነኝ። ስለዚህ አጎቴ በመቅረቱ ብዙም ቅር አይለኝም ነበር፤ ካልመጣ ቁርሴ ነው። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አባቴ ዶክሱ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ፀጉር ቤቱ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሬዲዮ፣ በመሐል የከሰል ምድጃ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። እሠራለሁ ልበል እንጂ ጆሮዬ ያለው የወንዶቹ ወሬ ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1987 መጨረሻ፣ ብርዱ ሲገባ፣ ወሬው ሁሉ ቁጥር ሆነ። ሕዝቡ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንቱን ራሱ ሊመርጥ ነው፤ እጩዎቹን ግን በስም የሚጠራ አልነበረም። ቁጥር አንድ ከወታደሮቹ ወገን ነው። ቁጥር ሁለት የምሥራቆቹ ሰው ነው። ቁጥር ሦስት የእኛ ነው። ሁለትና ሦስት አንድን እኩል ይጠላሉ፤ ይሁንና አንዱ ለሌላው ቦታ ልልቀቅ አይልም። ወንዶቹ በዚህ ነገር ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውሉና አባቴ ጆሯቸውን እንዳይቆርጥ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ያስተካክላቸዋል።

እኔ በሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። አንድ ቀን ከደብተሬ ቀና ብዬ «ሁለትና ሦስት ሲደመሩ አምስት ነው፤ አምስት አንድን ለምን ይፈራል?» አልኩ። በሳቅ ፈነዱ። ሬዲዮ ጠጋኙ ሆንግዶ ብቻ አልሳቀም፤ «ይቺ ልጅ የገባት ለእነዚያ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቢገባቸው» አለና ሳቁ ሁሉ ቆመ። ያን ጊዜ ከጓዳ እናቴ የሞቀ ፎጣ ይዛ ገባች፤ ወሬው ወደ ብርዱ ዞረ። እናቴ የምሥራቅ ልጅ ናት፣ ከባሕሩ ዳር። አባቴ ለወታደርነት ግዳጁ እዚያ በነበረበት ጊዜ ነው ያገባት። አሥር ዓመት እኛ ዘንድ ኖራም አፏ አልተለወጠም፤ ሁለት ቃል ከተናገረች አገሯ ይታወቃል። እሷ ስትገባ ሰዎች ለምን ስለ ብርድ እንደሚያወሩ አላውቅም ነበር። ብርድ የምትወድ ይመስለኝ ነበር።

ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ለቁጥር ሦስት ስብሰባ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ በሄደበት፣ ቡናማ ካፖርት የለበሰ ሰው መጣ። በኋለኛው በር ነው የገባው። ሙሉ ካርቶን መንደሪን ይዟል። ጫማውን አስተካክሎ አወለቀ፣ ለአያቴ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ሰገደላት፣ ስሙ ፕዮ እንደሚባል ነገራት። አያቴ ሁለት መንደሪን አስይዛኝ ወደሚቀጥለው ክፍል ሰደደችኝ። በሁለቱ ክፍሎች መሐል ያለው በር ወረቀት ነው፤ ድምፅ አያስቀርም።

«ቦታውን አውቀዋለሁ፣ እናቴ» አለ ሰውዬው። «አሁን ማለት አልችልም እንጂ፣ በእጄ ነው።»

አያቴ በጣም ቀስ ብላ «ይበርደዋል?» አለችው።

«የለም፣ የለም። ዳገት ላይ ነው። ፀሐይ ያገኘዋል።»

መንደሪኑ አፌ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አጎቴ ዳገት ላይ፣ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ተከራይቷል። ይህ ሰው ጓደኛው ነው። ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ለምን እንዳልነገረን ገረመኝ። ቀሪውን ንግግር በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት። ምርጫው ይለፍ አለ። አንድ ካሸነፈ ነገር ሁሉ ይረጋጋል፣ ያኔ እኔው ራሴ በአሥር ቀን ውስጥ መጥቼ እወስድዎታለሁ አለ። ልጆቻቸው ከሞቱባቸው ከእነዚያ የማኅበር ሴቶች ጋር አደባባይ መውጣቱ ይቅርብዎ አለ። ደግሞም ቃል ይግቡልኝ፣ የምርጫ ወረቀቱን እኛ እናየዋለን፣ ማን የት እንዳተመ ይታወቃል አለ። እየሳቀ ነው ይህን ያለው። ሲወጣ ፀጉሬን ዳበሰኝ፤ እጁ የመላጫ ሳሙና ይሸታል።

ዛሬ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ስሙን ሳይሆን ሥራውን። የእኛን ሠፈር ሐዘንተኛ እናቶች አንድ በአንድ እየዞረ ከዚያ ማኅበር በመነጠል የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው። ስለ ዳገቱ ያወራው እውነት ይሁን ውሸት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነው። ሙሉ ውሸት እንደ ሆነ ባውቅ እንኳ ያርፍልኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ አያቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ናምሂ፣ ያን የምርጫ ወረቀት ነገር አሳይኝ» አለች። ማንበብ አትችልም፤ ቁጥርም አትለይም። ከዚያ በፊት ማንም ምንም አስተምሪኝ ብሎኝ አያውቅምና ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከደብተሬ ገጽ ቀደድኩ፣ ቁጥሮቹን በተርታ ጻፍኩ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ለማኅተም ባዶ ቦታ ተውኩ። የምርጫው ማኅተም ያን ጊዜ ባዶ ክብ ብቻ ስለ ነበረ የእስክሪብቶ ክዳን በቂ ነው። ቀለሙን ከአባቴ ማኅተም ሳጥን ወሰድኩ፤ ቀይ፣ ቅባት ቅባት የሚል ቀለም።

ሦስትን «ሁለት ጊዜ ያበጠው» ብዬ አስተማርኳት። አያቴ ክዳኑን በሦስት ጣቷ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ መርፌ እንደምታስገባ ሆና አተመች። ልክ ሦስት ላይ። አጨበጨብኩላት።

«ይሄ ዳር ያለውስ?» አለች።

«እሱማ አንድ ነው። እንጨት ነው የሚመስለው፤ እሱን ማን ይስተዋል?»

«ዳር ያለው አንድ» ብላ ለራሷ ደገመችው። በዚያ ሳምንት አምስት ገጽ ጨረስን። ሁልጊዜ ሦስት ላይ ታትምና፣ እኔ ሳጨበጭብ፣ ዳር ያለውን በጣቷ ነካ ታደርገዋለች። እንዳትሳሳት የምትጠነቀቅ መሰለኝ።

አጣጠፉንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ክፍላችን አለቃ ሲመርጥ መምህራችን «እንደጻፋችሁ ወዲያው እጠፉት፤ ጎረቤት እንዳያይ» ብላን ነበርና ያንኑ ነገርኳት። ወዲያው እጠፊው፣ ማንም እንዳያይ። አያቴ «እነሱማ ያዩታል» አለች። እነማን ብላት ሌላ ገጽ ቅደጂልኝ አለች።

የምርጫው ዕለት ገላዋን ታጥባ፣ ለትልቅ ቀን የምታስቀምጠውን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ አባቴና እናቴ ግራና ቀኝ ደግፈዋት ሄደች። መንገዱ ላይ የማታውቀው ሰው ሁሉ ጎንበስ እያለ ሰላም ይላታል። «ለጊቾል ነው፣ እናታችን» ይሏታል። አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች። ስትመለስ አውራ ጣቷ ቀይ ነበር። የግቢውን ቧንቧ ከፍታ፣ ያን የሚያደነዝዝ ውሃ እጇ ላይ እየለቀቀች፣ በሳሙና ደጋግማ አሸችው። ቀለሙ ከለቀቀ በኋላም አላቆመችም። ንጽሕና ትወዳለች፣ ስለዚህ አልገረመኝም።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ከተማው ድምፅ አልነበረውም። ትምህርት ቤት ስሄድ መምህራችን ደብተር ሳታስወጣን ቤታችሁ ሂዱ ብላ ለቀቀችን። መንገድ ላይ ከሰል ሻጩ ጋሪውን አቁሞ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ጓንቱን እንዳጠለቀ ፊቱን ይዟል። ዓሣ ሻጯ ሱቋን ከፍታ ዓሣውን አላወጣችም። ቁጥር አንድ አሸንፏል። ሁለትና ሦስት ድምፁን ለሁለት ተካፍለው፣ ሁለቱም ከአንድ በታች ወድቀዋል። የእኔ ሒሳብ እንዴት እንደ ተሳሳተ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው።

ፀጉር ቤቱ በወንድ ተሞልቷል፤ የሚያወራ የለም። የመጀመሪያው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ላጨኝ» አለው አባቴን። «ሙሉውን?» «ሙሉውን።» አባቴ ቶንዶሱን አነሣ። ከዚያ ሁለተኛው ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ሦስተኛው። ያን ቀን አባቴ እስከ ምሽት የላጨውን ራስ አልቆጠርኩትም፤ ፀጉሩ ግን ወለሉ ላይ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ደርሷል። አንድ ሽማግሌ እንባው በመላጫው ሳሙና ላይ እየወረደ ምንም ሳይናገር ተላጨ። እኔ ሠፈሩ ቅማል የገባበት መስሎኝ ፀጉሬን በሻርፕ ጠቅልዬ ተቀመጥኩ። ሰው የሚያደርገው ሲያጣ ያለውን ትንሽ ነገር ከራሱ ላይ እንደሚያወርድ በዘጠኝ ዓመቴ ከየት አውቀዋለሁ? አባቴ በመጨረሻ ቶንዶሱን ወደ ራሱ አዞረ፤ የማጅራቱን ማን እንደላጨለት አላስታውስም።

ሆንግዶ ቆጠራው ላይ ታዛቢ ሆኖ ነበር ያደረው። ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ። ብዙ ወረቀት መጣሉን ነገራቸው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ስለ ታጠፈ ክቡ በሌላው ቁጥር ላይም ታትሟል፤ የትኛው እንደ ሆነ ስለማይታወቅ ጣሉት። «አሮጊቶች ናቸው» አለ፤ «ሰው እንዳያይባቸው ቶሎ አጥፈውት።»

ወዲያው እጠፊው ያልኳት እኔ ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ያ ወረቀት ግን የያዘውን አልለቅ ብሎ ሳይሆን፣ በእኔ ትምህርት የያዘውን ለሌላ አካፍሎ ነው የተጣለው። አጎቴ እንዲመጣ ምርጫው ማማር ነበረበት። ምርጫው ከፋ። ያከፋሁት እኔ ነኝ። ሚሊዮን የሚባል ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ከአንድ ወረቀት የሚበልጥ ሚሊዮን የለም። ሰውዬው «አንድ ካሸነፈ» እንዳለስ አልሰማሁም? ሰምቻለሁ። ግን አጎቴን የወደደ ሰው ሁሉ ሦስትን ስለሚወድ፣ አንደበቱን ያዳለጠው መስሎኝ በልቤ አርሜለት ነበር።

ሆንግዶ ገና አልጨረሰም። «ከእኛ ሠፈር ኮሮጆ» አለ፣ «ለአንድ የሰጡ አሥራ አንድ ሰዎች አሉ።» ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያሉት የተላጩ ራሶች ሁሉ ቀና አሉ። በዚህ ሠፈር ልጁን፣ ወንድሙን ወይም ጎረቤቱን በዚያ ግንቦት ያላጣ የለም። አሥራ አንድ። ማን? እናቴ በዚያች ሰዓት ትኩስ ፎጣ ተሸክማ ገባች፤ ስለ ብርድ የተናገረ አልነበረም። አዩዋት። አንዱ ወደ ምድጃው እያየ፣ የአገርሽ ሰዎች ጉድ ሠሩን አላት። ፎጣዎቹን አንድ በአንድ ሰጥታቸው፣ ባዶውን ሳፋ ይዛ ተመለሰች።

ማታ ራት ላይ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። አያቴ ከወረቀቱ በር ወዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ ተኝታለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«የናምሂ እናት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ለማን ነው የሰጠሽው?»

እናቴ ወደ ወረቀቱ በር ተመለከተች። ከዚያ ወደ መሬት። «ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለች።

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። ያን የብርድ ወቅት ሙሉ ፀጉር ቤቱ ውስጥ በላ፤ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ተኛ። አልመታትም፣ አልሰደባትም፤ እንደሌለች ቆጥሮ አለፋት። የሠፈሩ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ቦታ ይለቁላታል፤ ከክብር አይደለም። እናቴ ወደ በሩ የተመለከተችው አያቴን አፍራ መሰለኝና እኔም ተቀየምኳት። ሆዴ ውስጥ ግን ለራሴ የቀረልኝ ነገር ደስ የሚል ነበር፦ ጥፋቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ የእሷ ነው።

ማኅበርተኞቹ እናቶች የሩዝ አጥሚት ይዘው ለአያቴ መጡ። ከበዋት አለቀሱ። «የዶክሱ እናት፣ ልጃችንን ዛሬ ሁለተኛ ቀበርነው» አሏት። እጇን ይዘው አሻሿት። አያቴ እጇን ቀስ ብላ ከእጃቸው አወጣችና ብርድ ልብሱ ሥር ደበቀችው። ሐዘኗን አይተው ተገረሙ፤ ከእኛ ሁሉ የባሰባት እሷ ናት ተባባሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አያቴ ግን ያን ሰሞን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም።

በአራተኛው ቀን ተነሣች። ፀጉሯን ታጠበች፣ ነጩን ቀሚሷን ለበሰች፣ የኋለኛው በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቀትር እስኪጨልም እዚያው ናት። ሠፈሩ አንገቱን ደፍቶ ሲመላለስ፣ የእሷ አንገት ብቻ መንገዱን ለማየት ቀና ብሏል። ሰው ሁሉ በተሸነፈበት ከተማ ውስጥ አሸናፊው የገባላትን ቃል የምትጠብቅ አንዲት አሮጊት እሷ ነበረች። እኔም ከአጠገቧ እየተቀመጥኩ ባለ ቡናማ ካፖርቱን እጠብቅ ነበር። ቢመጣ የወረቀቱን ነገር ነግሬ ይቅርታ ልጠይቀው። አሥሩ ቀን አለቀ። አዲሱ ዓመት ገባ። አልመጣም።

ጥር ላይ አንድ ቀን «ነይ፣ በር ላይ የተጻፈውን ታነቢልኛለሽ» ብላ እጄን ያዘችኝ። ሁለት አውቶቡስ ቀይረን አንድ ትልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደረስን። የአንዱን በር ጽሑፍ ሳነብላት «አይደለም» ትላለች፣ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። በመጨረሻ አንድ ወጣት ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ቆመን። አያቴ የእሱ አያት እንደምትሆን እያየች ጎንበስ ብላ ሰገደችለት። ፕዮ የሚባል፣ ቡናማ ካፖርት ያለው ሰው እንደምትፈልግ ነገረችው። ፕዮ የሚባል እዚህ የለም አላት። እሷ ግን የሰማች አልመሰለኝም።

«ቃሌን ጠብቄያለሁ በልልኝ» አለችው። «ያለኝን አድርጌያለሁ። ወረቀቱን አይታችሁታል አይደል?»

«የምን ወረቀት ነው፣ እማማ?»

«የምርጫውን። የእኔን።»

ጸሐፊው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «እሱንማ ማንም አያየውም። ምስጢር ነው እኮ። ስም የለውም፣ ምን የለውም፤ የማን እንደ ሆነ እግዜር ራሱ አያውቀውም።»

«ማንም?»

«ማንም፣ እማማ።»

አያቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። እንዳትወድቅ መሆኑን ወዲያው አላወቅኩም፤ ቆይቶ ነው የገባኝ።

የገባኝ አባቴን ከቀበርን በኋላ፣ እኔም የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ ነው። የነገረችኝ እናቴ ናት። ያን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፤ የወረቀት በር ለእሷም ወረቀት ነው። አያቴ ለዚያ ሰው ቃል ስትገባ ሰምታለች። ድምፅ ሰጥታ ስትመለስ እጇን ስታሽም አይታለች። አሮጊቷ ሦስት ላይ አትማ፣ አንድ ላይ አተምኩ ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ማንም። እሷ ግን እነሱ እንደሚያዩት አምናለች፤ ደግሞም በልጇ አጥንት ላይ የምትዋሽ ሰው አልነበረችም። «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። አያቴ የወለደችው ጠፍቶባት፣ እሱን ላገኝ ብላ ቃሏን ጠበቀች፤ የአጎቴን ገዳዮች ወገን መርጣ ወጣች። አጎቴ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እናቴ ራሷ የሰጠችው ለሦስት ነው። ታዲያ ያኔ ለአባቴ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። «ሦስት ብለው ያምነኝ ነበር» አለችኝ። «አምኖኝ ደግሞ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር። ነገሩ እኔ ላይ ካረፈ ግን ሌላ ቦታ አይሄድም። እሷ የቀራት አንድ ልጅ ነው፤ እሱም እንዲጠላት ላድርግ?» አባቴ እሷን ዳግመኛ ሳይጠይቃት፣ እሷም ሳትነግረው፣ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረው ሞተ።

ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ አላውቅም። ከመሥሪያ ቤቱ ወጥተን፣ አያቴ አውቶቡሱን ትታ በእግሯ መንገዱን ያዘች። በረዶ መጣል ጀምሯል። «ቃሌን ጠብቄያለሁ» ያለችውን «ከማኅበርተኞቹ ጋር አልወጣሁም» ማለቷ እንደ ሆነ ነው የተረዳሁት። ጸሐፊው «ማንም አያየውም» ማለቱም ግልጽ ውሸት መሰለኝ፤ ሆንግዶ ወረቀቶቹን በዓይኑ አይቶ የለም? ወረቀቷ መበላሸቱን አውቆ፣ አሮጊት እንዳያሳዝን ሸፈነላት። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«እማማ» አልኳት፣ «አጎቴ ያልመጣው በእኔ ነው።»

ቆመች።

«ወዲያው እጠፊው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሳይደርቅ ሲታጠፍ ይበላሻል፣ ይጥሉታል። የአንቺንም ጥለውት ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ።»

አያቴ በረዶው ውስጥ ቁጢጥ አለች፤ ፊቷ ከፊቴ ትይዩ ሆነ። ሻርፔን አስተካከለችልኝ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ እንደዚያ ሆኖ ያየኝ ሰው ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የለም።

«ምነው በተበላሸልኝ፣ ልጄ» አለች። «ምነው በተበላሸልኝ።»

እኔ ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። ከልቤ ላይ ድንጋይ ወረደ። እጇን ለቅቄ፣ በረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ ቀደምኳት፤ ቤት እስክደርስ ድረስም ዘወር ብዬ አላየኋትም።